የነርቭ ተሃድሶ ሕክምና ምንድን ነው?

ስትሮክ የመታው ሰው ሆስፒታል ይገባል። ይታከማል፣ ነፍሱ ትተርፋለች፣ የደም ግፊቱ ይስተካከላል። ከዚያ አንድ ቀን "ወደ ቤት መሄድ ትችላላችሁ" ይባላል። ቤተሰቡም ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ያለውን፣ ቃል ሊያወጣ ሲል ምላሱ የሚተሳሰርበትን ሰው ይዞ ይመለሳል። "አሁንስ ምን እናድርግ?" የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ያኔ ነው። መልሱ ተሃድሶ ነው። ችግሩ፣ ብዙዎቻችን ስለ ተሃድሶ ያለን ግንዛቤ የተሳሳተ መሆኑ ነው።

የነርቭ ተሃድሶ ሕክምና አንጎሉ፣ ህብለ ሰረሰሩ ወይም ነርቮቹ የተጎዱበት ሰው ያጣውን ችሎታ እንደገና እንዲማር፣ የማይመለሰውን ደግሞ በሌላ ዘዴ እንዲወጣው የሚያግዝ ሕክምና ነው። ለስትሮክ ብቻ አይደለም። የጭንቅላት አደጋ፣ የህብለ ሰረሰር ጉዳት፣ ፓርኪንሰን (እጅ የሚያንቀጠቅጥና እንቅስቃሴን የሚያዘገይ በሽታ)፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ (የነርቮችን ሽፋን የሚጎዳ በሽታ)፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

"እንዲማር" ያልኩት አውቄ ነው። ብዙ ሰው ተሃድሶ ሲባል ቶሎ የሚታየው ማሸት ነው፤ ታማሚው ተኝቶ፣ ባለሙያው እጁን እያጠፈ እየዘረጋ። ይሄም ቦታ አለው፣ መገጣጠሚያ እንዳይደርቅ ይረዳል። ግን እስቲ አስቡት። ስትሮክ የመታው ሰው እጁ ራሱ አልታመመም። አጥንቱ ደህና ነው፣ ጡንቻውም አለ። የተጎዳው "ተነሳ፣ ያዝ፣ ልቀቅ" ብሎ የሚያዘው የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ ባለሙያው የሚነካው እጅ ቢሆንም የሚያስተምረው አንጎልን ነው። አንጎል ደግሞ የሚማረው ራሱ ሲሞክር፣ ሲስት፣ እንደገና ሲሞክር ነው። ሌላ ሰው ስላንቀሳቀሰለት ብዙም አይማርም።

የሞተ የአንጎል ሴል አይመለስም። ይሄን መሸፋፈን አያስፈልግም። ነገር ግን በዙሪያው የተረፉት ሴሎች አዲስ ግንኙነት ፈጥረው የጠፋውን ሥራ በከፊል ሊረከቡ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአንጎል ተመራማሪው ራንዶልፍ ኑዶና ባልደረቦቹ ይህን በጦጣዎች ላይ አሳይተዋል። እጅን የሚያዘው የአንጎል ክፍላቸው በመጠኑ የተጎዳ ጦጣዎች ከትናንሽ ጉድጓዶች ምግብ በጣታቸው እያወጡ እንዲለማመዱ ተደረገ። ልምምድ ያልተሰጣቸው ጦጣዎች ላይ እጅን ከሚያዘው የአንጎል ክፍል የተረፈው ራሱ ይበልጥ እየጠበበ ሄዶ ነበር። የተለማመዱት ላይ ግን ሳይጠብ ቆየ፤ አንዳንዶቹ ላይ እንዲያውም ቀድሞ የክርንና የትከሻ ወደነበረው ቦታ ተስፋፋ። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የመጀመሪያው ግማሽ ነው። ዝም ብሎ መቀመጥም አንጎልን ይቀርጸዋል፣ ወደ መጥፎው አቅጣጫ።

ሰው ላይም እናየዋለን። ቀኝ እጁ የደከመበት ሰው ሁለት ሦስቴ ሞክሮ ሲያቅተው ሁሉን ነገር በግራው ማድረግ ይጀምራል፤ ቀስ በቀስም ቀኙ ትንሽ መሥራት ቢችል እንኳ ጭራሽ ይረሳዋል። ኤድዋርድ ታውብ የተባለው ሳይንቲስት ይህን "በልምድ የመጣ አለመጠቀም" ብሎታል፣ መፍትሄም አብሮ አምጥቷል። ጤነኛውን እጅ ጓንት አልብሶ ማሰርና የደከመውን ማሠራት። ለሁለት ሳምንት፣ ነቅቶ በሚቆይበት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ። ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው 222 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2006 ታትሟል። በዚህ ዘዴ የሠሩት ከሌሎቹ የተሻለ የእጅ አጠቃቀም አግኝተዋል፣ ከዓመት በኋላም ለውጡ አልጠፋም። ዘዴው ግን ለሁሉም አይሆንም፤ የእጅ አንጓና ጣት ትንሽም ቢሆን መንቀሳቀስ አለበት።

አንድ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለሙያዋ ባዶ የፕላስቲክ ኩባያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። አንድ ትልቅ ሰው እጃቸውን ላኩ። ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ወጣ፣ ወገባቸው ተጣመመ፣ የተጨበጡት ጣቶቻቸው ኩባያውን ገፍተው ጣሉት። አንስታ ትንሽ ቀረብ አድርጋ መለሰችው። "ትከሻዎን ይተዉት አባባ፣ ክርንዎን ብቻ ይዘርጉ" አለች። እንደገና ወደቀ። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣለች፤ ሳታስበው እጇ ወደ ኩባያው ሲሄድ ባለሙያዋ በዓይኗ ከለከለቻት። እንደገና። ግንባራቸው ላብ አወጣ። ከስንት ሙከራ በኋላ አውራ ጣታቸው ከሌሎቹ ጣቶች ትንሽ ተለየ፣ ኩባያው ገባ፣ አንድ ጣት ያህል ከጠረጴዛው ከፍ አለ። ከውጭ ለሚያይ ምንም አይደለም። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ትልቅ ነገር ነበር።

የልጅቷ እጅ ነገር ሁላችንንም ይመለከታል። ስለምንወዳቸው እናበላቸዋለን፣ እናለብሳቸዋለን፣ ውሃውን አፋቸው ድረስ እናደርሳለን። አንጎላቸው የሚማርበትን ዕድል ግን አብረን እንወስድባቸዋለን። ሸሚዝ መቆለፍ ሃያ ደቂቃ ከፈጀ ይፍጅ፣ አደጋ እስከሌለው ድረስ።

ድግግሞሹስ ስንት መሆን አለበት? በእንስሳት ጥናቶች ላይ በቀን በመቶዎች ይቆጠራል። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ግን ለስትሮክ ታማሚዎች በሚሰጥ የቴራፒ ክፍለ ጊዜ የተጎዳው እጅ አንድን ሥራ ስንት ጊዜ እንደሚለማመድ ቆጥሮ በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ ሆኖ አገኘው። ሰፊ ልዩነት ነው። ከባለሙያው ጋር የሚያሳልፉት ሰዓት ብቻውን አይበቃም የሚባለው ለዚህ ነው፤ የቀረው ቤት ውስጥ ይሠራል።

ይህ ሲባል ግን በመጀመሪያው ቀን ጎትቶ ማቆም ማለት አይደለም። በ2015 የወጣና ከ2,000 በላይ ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ስትሮክ በመታ በ24 ሰዓት ውስጥ በብዛትና በተደጋጋሚ ከአልጋ ማስነሳት የታማሚዎችን ውጤት እንዳባባሰ አሳይቷል። መቼና ምን ያህል የሚለውን ሐኪሙና ቡድኑ ይወስኑ።

ቡድን ያልኩት ፊዚዮቴራፒስት (እንቅስቃሴን የሚያለማምደው ባለሙያ) ብቻ ስለማይበቃ ነው። መብላት፣ መልበስ፣ መታጠብ የመሰሉ የዕለት ተዕለት ሥራዎችን የሚያለማምድ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት አለ። ለንግግርና ለመዋጥ ደግሞ ስፒች ቴራፒስት። መዋጥ ቀላል ይመስላል፣ ግን ምግብ ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያመጣል፤ ስለዚህ መዋጥ መቻሉ ሳይታይ ውሃም ቢሆን አይሰጥ። የስሜትም ነገር አለ። ከስትሮክ በኋላ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ድባቴ ውስጥ ይገባል፣ እኛ ደግሞ "ሰነፈ፣ አልሞክር አለ" እንላለን። በጣም ያሳዝነኛል ይሄ። ድባቴው ሲታከም ልምምዱም ይቀላል።

ህብለ ሰረሰር ሲጎዳ መንገዱ ይለያል። ሙሉ በሙሉ ከተቋረጠ ከዚያ በታች ያለው እንቅስቃሴ ላይመለስ ይችላል፣ ግን ሕይወት ይመለሳል። ድሮ እንዲህ የተጎዱ ሰዎች በአልጋ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ቶሎ ይሞቱ ነበር። የነርቭ ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን በ1944 እንግሊዝ ውስጥ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ሥራ ሲጀምር ታማሚዎቹን በየሁለት ሰዓቱ ቀንም ሌሊትም አገላበጣቸው፣ ሥራ ሰጣቸው፣ ስፖርት አስጀመራቸው። በሐምሌ 1948 በዊልቸር ላይ ያሉ 16 ሰዎች ቀስት ተወዳደሩ። የዛሬው ፓራሊምፒክ፣ የአካል ጉዳተኞች ዓለም አቀፍ ውድድር፣ ከዚያ ነው የመጣው።

ከእጅ ወይም ከእግር ነርቭ ጉዳት ጋርም አናምታታው። ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር ውጭ ያለ ነርቭ በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ እያደገ ሊመለስ ይችላል፤ ከክንድ እስከ ጣት ብዙ ወራት ይፈጃል ማለት ነው።

ስትሮክ ላይ ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አካባቢ ነው። ከዚያ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ግን በሩ አይዘጋም፤ ከዓመታት በኋላም በልምምድ የተሻሻሉ ሰዎች አሉ። "ስድስት ወር አልፏል፣ ከእንግዲህ በቃ" ያላችሁ ሰው ካለ ሌላ ባለሙያ አማክሩ።

እስከዚያው ግን አንድ ነገር ዛሬውኑ ማድረግ ይቻላል። የደከመውን እጅ ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ጡንቻው ስለላላ ትከሻው በቀላሉ ከቦታው ይወጣል። ስታስነሱ ከወገብ ደግፉ፣ ሲቀመጥ እጁን ትራስ ላይ አሳርፉለት። ከሆስፒታል ስትወጡም የቤቱን ልምምድ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የትኛው እንቅስቃሴ፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ሲሰማው ማቆም እንዳለበት። የዚያች ልጅ ደብተር ላይ ያየሁት እንዲህ ይላል፦ "ኩባያ፣ ጠዋት 60፣ ከሰዓት 40። የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንድ፣ ራሳቸው።"