«ጋን በጠጠር ይደገፋል»፦ ምሳሌው ለማን ተነገረ?

ጋን ሆዱ ሰፊ፣ ግርጌው ድቡልቡል ነው። ጠላ የሚጠነሰስበት ይህ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ደልዳላ መሬት ላይ እንኳ ብቻውን አይቆምም፤ ይንገዳገዳል። ስለዚህ ባለቤቲቱ ጎንበስ ብላ ጠጠር ትፈልጋለች። ክፍተቱ ሰፋ ካለበት ደንደን ያለውን፣ ከጠበበበት ቀጭኑን ትሸጉጣለች። ከዚያ ጋኑን በመዳፏ ገፋ አድርጋ ትፈትነዋለች፤ ከተነቃነቀ ጠጠሩን አውጥታ ሌላ ትሞክራለች። ምሳሌው የተወለደው ከዚህ የጓዳ ሥራ ነው።

ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ትልቁ የሚቆመው በትንሹ ተደግፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ግን ለትንሹ ነው፤ በስብሰባ ላይ ሠራተኛን ለማመስገን ወይም ዝቅ ያለ ቦታ የተሰጠውን ለማጽናናት። እኔ ግን በመጀመሪያ ሊሰማው የሚገባው ጋኑ ነው እላለሁ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የእኩዮች ምሳሌ ነው፤ ድሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሲበዛ ይጠነክራል። ጠጠር ግን ስለበዛ ጋን አያቆምም። እያንዳንዱ በቅርጹ ልክ ቦታውን ማግኘት አለበት፤ ይህን ቦታ መፈለግ ደግሞ የአለቃ ሥራ ነው።

የቡና መፈልፈያ ጣቢያን እንውሰድ። ይርጋጨፌን በመሰለ አካባቢ በለቀማ ወራት ቀዩ እሸት ተመዝኖ ይገባል፣ ይፈለፈላል፣ ገንዳ ውስጥ ይብላላል፣ ታጥቦም ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። የመብላላቱን ፍጻሜ ሰዓት ብቻ አይወስነውም፤ ብርድ ያዘገየዋል፣ ሙቀት ያፈጥነዋል። እጁ የለመደ ሠራተኛ ፍሬውን በመዳፉ ያሸዋል፤ ማሙለጭለጩ ቀርቶ ሲሻክር «ደርሷል» ይላል። አልጋው ዳር ደግሞ የጠቆረውን፣ የተሰነጠቀውንና ነፍሳት የበሉትን ዓይኗ ሳይስት የምትለቅም ሴት አለች። ሚዛኑ ጋ የሚያስፈልገው፣ በኪሎው የተከራከረውን ገበሬ ሳይቆጣ የሚያስረዳ ሰው ነው። እነዚህ ሦስት ችሎታዎች አንድ ሰው ላይ እምብዛም አይገኙም።

ጥሩ ተቆጣጣሪ ይህን ከወረቀት አያገኘውም። ሠራተኞቹ ሲቸገሩ ማንን እንደሚጠሩ፣ ማን የትኛውን ሥራ ሳይታዘዝ እንደሚጀምር ቆሞ ያያል። የለቃሚዋ ጽሑፍ የማይነበብ ከሆነ ወራቱን ሁሉ ሲገሥጻት አይከርምም፤ መዝገቡን ለሌላ ይሰጣል። ሰዓት ማክበርና ንጽሕና ግን የተሰጥዖ ጉዳይ ስላልሆኑ ከሁሉም እኩል ይጠይቃል።

ምሳሌው የማይደርስበት ነገርም አለ። ጠጠር ባለበት ይቀራል፤ ሰው ግን ያድጋል። ያችን ለቃሚ በዚያው ቦታ ማቆየት ለጣቢያው ይመቻል፣ ለእርሷ ግን አይበቃም። ሁለት አዲስ ልጆች አጠገቧ ይቀመጡና ታስተምራቸው፤ በሚቀጥለው ወራት አንድ ረድፍ አልጋ በኃላፊነት ይሰጣት። ክፍያዋም አብሮ ይጨመር። ይህን አጥብቄ የምለው በብዙ የሥራ ቦታ የጎበዝ ሠራተኛ ሽልማቱ ተጨማሪ ሥራ ብቻ ሆኖ ስለሚቀር ነው። እንዲህ የተያዘች ለቃሚ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ጎረቤት ጣቢያ ብትሄድ፣ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም።