ኮሎኬሽን ምንድን ነው? ፈሊጥስ ለምን አይደለም?

“ኮሎኬሽን ማለት የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ነው።” ይህችን አባባል በቴሌግራም የቋንቋ ቻናሎች ላይ ደጋግሜ አይቻታለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ጨመር አደረገባት፦ “ሰዋስውና ቃላት ካወቃችሁ ይበቃል። ኮሎኬሽን ለአይልትስ (ለዓለም አቀፉ የእንግሊዝኛ ፈተና) ተፈታኞች የሚሆን ጌጥ ነው።” ብዙ ሰው አመስግኖታል። እኔ ግን እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና ማለፍ አልቻልኩም። ይህ ምክር ተማሪ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በየቀኑ ደብተር ላይ አየዋለሁ።

ኮሎኬሽን ማለት አንድ ቃል ከየትኛው ቃል ጋር መዋል እንደለመደ ነው። በቃ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ስህተትን “ሜክ” ይላል፣ የቤት ሥራን “ዱ” ይላል። ዝናቡ “ሄቪ” ነው፣ ነፋሱ “ስትሮንግ” ነው። እኛ ለሁለቱም “ኃይለኛ” ብለን እንገላገላለን።

ፈሊጥ ሌላ ነገር ነው። “ጆሮ ዳባ ልበስ” ስንል ጆሮን፣ ዳባንና መልበስን የሚያውቅ የውጭ ሰው ቃላቱን ገጣጥሞ “እንዳልሰማ ሆነ” የሚለው ላይ አይደርስም። ትርጉሙ ተደብቋል። በኮሎኬሽን ውስጥ ግን የተደበቀ ነገር የለም። “ሄቪ ሬይን” የሚለውን ያነበበ ተማሪ ሁሉ ይገባዋል። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ስለገባው ያልፈዋል። ፈሊጥ ቢሆን ኖሮ ግራ ይገባውና መዝገበ ቃላት ይከፍት ነበር። ሲያነብ ምንም ስላላደናቀፈው፣ ራሱ ሲናገር ከአማርኛው ይገነባል።

ለምሳሌ “ቲቪ ክፈት” እንላለን። ተማሪው “ኦፕን ዘ ቲቪ” ይላል። ሰዋስው ተሟልቷል። “ኦፕን” ማለት መክፈት መሆኑም እውነት ነው። ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለቲቪ “ተርን ኦን” ነው የሚለው፤ “ኦፕን” ለበርና ለመስኮት ነው። ጉንፋኑ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። እኛን ጉንፋን ይይዘናል። እንግሊዞቹ ራሳቸው ጉንፋኑን ይይዙታል፦ “አይ ካውት ኤ ኮልድ።” ያዡና ተያዡ ቦታ ተለዋውጠዋል። ይህን የትኛው የሰዋስው ሕግ ያስተምራል? አስተያየት ሰጪው “ሰዋስውና ቃላት ይበቃል” ሲል ለዚህ ተማሪ ምን እንደሚመልስለት ባውቅ ደስ ይለኛል።

ለተማሪዎቼ ክትፎን እጠቅሳለሁ። ክትፎ ሲቀርብ ቆጮ አለ፣ አይብ አለ፣ ጎመን አለ፣ ሚጥሚጣ አለ። በአዋጅ የወጣ ነገር አይደለም። ክትፎን በዳቦ የበላ ሰው አይታመምም፣ ይጠግባልም። ባለቤቶቹ ግን እንግዳ መሆኑን ወዲያው ያውቃሉ። “ስትሮንግ ሬይን” ያለ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ሐሳቡ ይደርሳል፣ እንግዳነቱም አብሮ ይደርሳል።

ዝምድናው ደግሞ በሁለቱም ወገን እኩል አይደለም። ክትፎ ሚጥሚጣን ይጠራል። ሚጥሚጣ ግን ለጥሬ ሥጋም ለፉልም ይሄዳል፣ የክትፎ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝኛ “ብሎንድ” (ወርቃማ) ካላችሁ ወዲያው “ሄር” (ፀጉር) ይመጣል፤ “ሄር” ብላችሁ ስትጀምሩ ግን “ብሎንድ” ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ሽሮን የሚመስሉም አሉ፤ “ቢግ” እና “ጉድ” ከማንም ጋር ይቀርባሉ፣ ብዙ ጊዜ አያሳፍሩም። ምሳሌው የሚጎድለው አንድ ቦታ ነው። ቆጮ ከክትፎ ጋር ስለሚጣፍጥ ነው የተለመደው። “ስትሮንግ ቲ” ተብሎ “ፓወርፉል ቲ” የማይባልበት ግን የጣዕም ምክንያት የለም። ይህን ምሳሌ የቋንቋ ሊቁ ማይክል ሃሊደይ በ1966 እ.ኤ.አ. ከጻፈው ጀምሮ መምህራን እየተቀባበሉት ነው። ልማድ ነው፣ ሌላ ማብራሪያ አትፈልጉለት።

ኮሎኬሽን ለአይልትስ ተፈታኞች ብቻ ነው የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የአይልትስ የጽሑፍ መመዘኛ ባንድ 7 (ከፍ ያለ የውጤት ደረጃ) ላይ ሲደርስ ኮሎኬሽንን በስሙ ይጠራዋል። ሰው ስሙን እዚያ ስላየው የዚያ ደረጃ ዕቃ መሰለው። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። እንግሊዛዊው የቋንቋ ትምህርት ባለሙያ ሃሮልድ ፓልመር ቶኪዮ ውስጥ ስለ እንግሊዝኛ ኮሎኬሽኖች ሪፖርት ያወጣው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። ሥራው ለጃፓን ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛ ትምህርትን ማሻሻል ነበር። እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ጄ. አር. ፈርዝ ጽንሰ ሐሳቡን በቋንቋ ጥናት ውስጥ ያስለመደው ከዚያ በኋላ ነው። “ቃልን በሚውልባቸው ጓደኞቹ ታውቀዋለህ” የሚለው ዝነኛ ሐሳቡ የ1957 እ.ኤ.አ. ነው። በአይልትስ ምክንያት የመጣ ነገር አይደለም ማለት ነው።

እግረ መንገዴን ሙያው የሚያስገድደኝን ልናገር። ሁለት ቃላት የግድ ጎን ለጎን መቆም የለባቸውም። “ሜድ ኤ ቬሪ ሲሊ ሚስቴክ” ውስጥ “ሜድ” እና “ሚስቴክ” ተራርቀዋል፣ ኮሎኬሽንነታቸው ግን አልጠፋም። ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ ከቃሉ ግራና ቀኝ እስከ 4 ቃል ድረስ ያያሉ። ደግሞም አብሮ መደጋገም ብቻውን አይበቃም። “ኦፍ ዘ” በእንግሊዝኛ ውስጥ እጅግ የበዛ ጥንድ ነው፣ ለተማሪ ግን ምንም አይነግረውም። ስለዚህ “በብዛት አብረው የሚመጡ ቃላት” የሚለውም ትርጓሜ ልክ ሆኖ ጎደሎ ነው።

“ትክክለኛውና ስህተቱ” ተብለው የሚለጠፉት ሠንጠረዦችም ያሳስቡኛል። አንዱ ላይ “ቴክ ኤ ዲሲዥን” ቀይ ኤክስ ተደርጎበት አየሁ። በእንግሊዝ አገር ይባላል። አሜሪካኖቹ “ሜክ” ያዘወትራሉ፣ እንግሊዞቹም “ሜክ” ይላሉ፣ ግን “ቴክ” የሚለው ስህተት አይደለም። “ሀቭ ኤ ሻወር” እና “ቴክ ኤ ሻወር”ም እንዲሁ ናቸው። በኮሎኬሽን ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያለው “ይበልጥ የተለመደ” እና “ብዙ ያልተለመደ” ነው። ቀይ ኤክስ በጥንቃቄ ይሁን።

አንዳንድ ቃል ደግሞ ጓደኛውን በስሜቱ ይመርጣል። እንግሊዝኛው “ኮዝ” (አስከተለ) ከችግር፣ ከጉዳት፣ ከሞት ጋር መዋል ይወዳል። ተማሪ “ኤዱኬሽን ኮዝስ ዴቨሎፕመንት” ሲል ዓረፍተ ነገሩ ልማቱን መዓት ያስመስለዋል። የኛን “ዳረገ” አስቡት። ለችግር ይዳርጋል፣ ለስደት ይዳርጋል። “ለደስታ ዳረገኝ” የሚል ሰው ብትሰሙ ጆሯችሁ ይቆማል። እንግሊዞቹም በ“ኮዝ” ላይ ተመሳሳይ ነገር ይሰማቸዋል።

ታዲያ ጀማሪው ከየት ይጀምር? እኔ የምጀምረው ከ“ሜክ”፣ “ዱ”፣ “ቴክ”፣ “ሀቭ” እና “ጌት” ነው። ቀላል ስለሚመስሉ ነው የሚዘለሉት። በእነዚህ ግሶች ውስጥ ያለው የራስ ትርጉም ቀጭን ነው፣ አብሯቸው ያለው ስም ነው የሚመራቸው። የኛን “ያዘ” ለአንድ የውጭ ሰው አስተምሩት እስቲ። ቀጠሮ ይያዛል፣ ታክሲ ይያዛል፣ ጾም ይያዛል፣ ቂም ይያዛል። “በእጅ ጨበጠ” የሚለው ትርጉም ብቻ የተሰጠው ሰው ከአራቱ አንዱን እንኳ አያገኝም። “ቴክ = ወሰደ” ብሎ ደብተሩ ላይ የጻፈ የኛ ተማሪም ያለው እዚያው ነው። ፎቶ ሲያጋጥመው “አነሳ” የሚለውን ይተረጉምና “ሊፍት” ይላል።

ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ስሙን ጻፉ፣ አጠገቡ ግሱን ከነቤተሰቡ ጻፉ። “ፎቶ፦ ቴክ”። “ሚስቴክ፦ ሜክ”። “ሆምወርክ፦ ዱ”። የአማርኛውን ፍቺ ከፈለጋችሁ ከሙሉው ሐረግ ፊት አስቀምጡት። መዝገበ ቃላት ስትከፍቱም ፍቺውን አይታችሁ አትዝጉት፤ ከሥሩ ያለውን የምሳሌ ዓረፍተ ነገር አንብቡ። የቃሉ ጓደኞች የሚገኙት እዚያ ነው።