የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ፦ ስለ ካርቱም በስህተት የሚነገረውና እውነታው

የአፍሪካ ዋንጫ በደረሰ ቁጥር በየቡና ቤቱ አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። አንዱ «እኛ እኮ መሥራቾች ነን» ይላል። ሌላው «የመጀመሪያውንም ዋንጫ የበላነው እኛ ነን» ብሎ ይጨምርበታል። ሦስተኛው ደግሞ «ሦስት ጎረቤት ተሰብስቦ የተጫወተውን ነው እንዴ ውድድር የምትሉት?» ብሎ ያጣጥለዋል። የመጀመሪያው ሰው ልክ ነው። የተቀሩት ሁለቱ ተሳስተዋል፤ አንደኛው ያልነበረ ክብር ሲጨምር ሌላኛው የነበረውን ይቀንሳል። እኔ ይህ ታሪክ የሚያምረው እንደነበረ ሲነገር ነው ባይ ነኝ።

የሆነው በአጭሩ ይህ ነው። በየካቲት 1949 ዓ.ም. ጥቁር አባይና ነጭ አባይ በሚገናኙባት በካርቱም ከተማ ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ ተገናኙ። እሑድ የካቲት 3 ግብፅ ሱዳንን 2 ለ 1 አሸነፈች። ቅዳሜ የካቲት 9 በፍጻሜው ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ረታች። ሁለት ጨዋታ፣ ሰባት ጎል፣ አለቀ።

«የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኘችው ኢትዮጵያ ናት»

ይህ ስህተት ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል፤ ምክንያቱ የዘመን አቆጣጠር ነው። አባቶቻችን «በ54 ዋንጫ ወሰድን» ይላሉ። ስልኩን የከፈተ ወጣት ደግሞ «የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ፣ 1957» የሚል ያነባል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው 54 ከ57 ስለሚቀድም ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። 54ቱ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው፣ 57ቱ በፈረንጅ። የካርቱሙ ውድድር በእኛ 1949 ዓ.ም. ነበር። አዲስ አበባ ላይ ዋንጫ ያነሳነው በእኛ 1954 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1962 ነው። በመካከላቸው አምስት ዓመት ገደማ አለ፣ ካይሮ ላይ በ1959 የተደረገ ሌላ ውድድርም አለ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ናት፤ ሁለተኛውን ያነሳችው ከሶርያ ጋር በተዋሐደችበት ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም ነበር። የኢትዮጵያ ሦስተኛው ነው።

ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያላልኩባቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ኢትዮጵያ አንዱን ጥላ ነው ለፍጻሜ የደረሰችው»

አንድም ቡድን አልጣለችም። በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ጨዋታ ራሱ የፍጻሜው ጨዋታ ነው። ይህን ስናገር የሚከፉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ በፎርፌ ማለፍ የሚያሳፍር መስሎ ይታያቸዋል። ለምን በፎርፌ እንዳለፈች ግን ሊነገር የሚገባው ነው።

መሥራቾቹ አራት ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ሐሳቡ የተጠነሰሰው በ1956 ሊዝበን ላይ በተደረገው የፊፋ ጉባኤ ወቅት ሲሆን፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ የተመሠረተው ካርቱም ላይ ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ነው። በዕጣው መሠረት ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ የምትገጥመው ደቡብ አፍሪካን ነበር። ደቡብ አፍሪካ ያኔ የአፓርታይድ አገር ናት። የእግር ኳስ ማኅበሯ ወይ ነጮች ብቻ ያሉበት ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን እልካለሁ አለ። ነጭና ጥቁር በአንድ ማልያ አብረው እንዲሰለፉ ግን ፈቃደኛ አልሆነም። የተቀሩት ሦስቱ ይህን አልተቀበሉም። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፣ የኢትዮጵያም ግማሽ ፍጻሜ ሳይደረግ ቀረ።

እዚህ ላይ ጊዜውን ልብ በሉ። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገደው በ1961 ነው፤ እገዳውን በ1963 አነሳ፣ በ1964 መለሰ፣ ጨርሶ ያባረራት በ1976 ነው። የኦሎምፒክ በር የተዘጋባት በ1964 ነው። ካርቱም ላይ የተሰበሰቡት ሦስት አገሮች ግን የአራት ቡድኖች ውድድራቸው ወደ ሦስት እንደሚወርድ እያወቁ በ1957 እምቢ አሉ። ካፍን ከመሠረቱት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስካረፉ ድረስ ካፍን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩም በአፓርታይድ ላይ አቋማቸው አልላላም። ደቡብ አፍሪካ በአፍሪካ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተችው በ1996 ነው። በሜዳዋ አዘጋጅታ፣ ጥቁርና ነጭ አሰልፋ ዋንጫውን ወሰደች። ከካርቱም 39 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ በአገራችን እግር ኳስ ታሪክ ከዚያ ፎርፌ የበለጠ የሚያኮራ ውጤት ጥቂት ነው።

«ሌሎቹ አገሮች ንቀው ነው የቀሩት»

ሌሎች አገሮች የትኞቹ? በየካቲት 1957 በአፍሪካ ነጻ የነበሩት ስምንት ብቻ ናቸው፤ ኢትዮጵያ፣ ላይቤሪያ፣ ግብፅ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ሊቢያ፣ ሱዳን፣ ሞሮኮና ቱኒዚያ። ሞሮኮና ቱኒዚያ ነጻ ከወጡ ገና አንድ ዓመት አልሞላቸውም። ናይጄሪያ፣ ሴኔጋል፣ ካሜሩን፣ ኮትዲቯር የሚባል ነጻ አገር የለም። ጋና እንኳን ነጻነቷን ያወጀችው የካቲት 27 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ ከፍጻሜው 18 ቀን በኋላ ነው።

የመጡትም ቢሆኑ ተመችቷቸው አልነበረም። አዘጋጇ ሱዳን ነጻ ከወጣች አንድ ዓመት ከአንድ ወር ብቻ ሆኗታል። ግብፅ ደግሞ የስዊዝ ጦርነት ካበቃ ሦስት ወር ቢሆናት ነው፤ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና እስራኤል የወጉት በዚያው መኸር ነበር። ከዚያ ውስጥ ወጥቶ ካርቱም ኳስ ሊጫወት የመጣን ቡድን አስቡት።

«በሦስት ቡድን ውድድር አይባልም፤ ደግሞም ከአውሮፓ የተቀዳ ነው»

ከአውሮፓ ሊቀዳ አይችልም፣ ምክንያቱም የአውሮፓ ዋንጫ የተጀመረው በ1960 ነው። የአፍሪካው በሦስት ዓመት ይቀድመዋል። ያ የመጀመሪያው የአውሮፓ ዋንጫም ፈረንሳይ ላይ ሲደረግ ለመጨረሻው ዙር የቀረቡት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። የደቡብ አሜሪካው በ1916 አርጀንቲና ላይ ሲጀመር የተሳተፉት አርጀንቲና፣ ብራዚል፣ ቺሊና ኡራጓይ ናቸው፣ አራት። ከሁሉም ቀዳሚ የሆነው የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የአየርላንድ ውድድር በ1884 መጀመሪያ ላይ ሲጀመርም አራት ነበሩ። እንዲህ ያለው ነገር ሁልጊዜ በጎረቤታሞች ይጀመራል። ካርቱምም አራት ነበር የታሰበው፣ አንዷ በዘረኝነቷ ባትወጣ ኖሮ።

«በአፍሪካ ከዚያ በፊት የጎረቤታሞች ውድድር አልነበረም»

ነበረ። ኬንያና ዩጋንዳ ከ1926 ጀምሮ የጎሴጅ ዋንጫ በሚባል ውድድር ይገናኙ ነበር፤ ዋንጫውን የሰጠው ጎሴጅ የሚባል የእንግሊዝ ሳሙና አምራች ነው። በኋላ ታንጋኒካና ዛንዚባር ተጨመሩ። ዛሬ ሴካፋ የምንለው የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች ውድድር ሥሩ እዚያ ነው። ልዩነቱ እነዚያ ያኔ በእንግሊዝ ሥር ያሉ ግዛቶች መሆናቸው ነው። ነጻ አገሮች ራሳቸው ማኅበር መሥርተው፣ ራሳቸው ደንብ አውጥተው በስማቸው የጀመሩት አህጉራዊ ውድድር የካርቱሙ ነው።

«4 ለ 0 ስለሆነ ቡድናችን ዋጋ አልነበረውም»

ግብፅ ያኔ በአህጉሩ ወደር የሌላት ነበረች፤ በ1934 የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫወተች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ናት። አራቱንም ጎሎች ያገባው ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ መሐመድ ዲያብ አል አጣር፣ በቅጽል ስሙ አድ ዲባ። የእስክንድርያው የኢትሃድ ክለብ ልጅ ነው። ሱዳን ላይም ማሸነፊያዋን ያገባው እሱ ነው። በውድድሩ ከተቆጠሩት ሰባት ጎሎች አምስቱ የእሱ ናቸው ማለት ነው።

የዚህ ሰው ታሪክ ከእኛ ጋር እዚያ አያበቃም። ጫማ ከሰቀለ በኋላ ዳኛ ሆነ። በጥር 1968 ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ለሁለተኛ ጊዜ ስታዘጋጅ ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ 0 ያሸነፈችበትን ፍጻሜ በፊሽካ የመራው እሱ ነው። ካርቱም ላይ መረባችንን አራቴ የፈተሸው ሰው አዲስ አበባ ስታዲየም መካከል ላይ ቆሞ አስቡት።

የቡድናችንን ዋጋ ለመመዘን ግን ቀጣዩን ማየት ያስፈልጋል። በ1959 ካይሮ ላይ ኢትዮጵያ በድጋሚ በግብፆች 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸነፈች። ደምሯቸው፤ በሁለት ውድድር ሦስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ጎል ተቆጥሮባት አንድም አላገባችም። በአፍሪካ ዋንጫ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ጎል የተቆጠረው በ1962 ነው። ያን ጊዜ ደግሞ በሁለት ጨዋታ ስምንት አገባች።

«በ54 ያሸነፍነው ሜዳችን ስለሆነ፣ ተጋጣሚም ስላልነበረ ነው»

ሜዳችን ነው፣ እውነት ነው። የተሳተፉት አራት ቡድኖች መሆናቸውም እውነት ነው፤ ማጣሪያ የተደረገበት የመጀመሪያው ውድድር ግን ያ ነው። እሑድ ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። በሚቀጥለው እሑድ ጥር 13 ፍጻሜው ሆነ። በመካከሉ ከተራና ጥምቀት አለፉ። ከተማው ታቦቱን ሸኝቶ፣ ነጭ ነጠላው ገና ሳይታጠፍ ወደ ስታዲየም የገባ ሕዝብ ነበር ማለት ነው።

ተጋጣሚዋ ማን ነበረች? ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 የረታችን ያችው ግብፅ፣ የሁለት ዋንጫ ባለቤት። መሪነቱንም ሁለት ጊዜ የያዘችው እሷ ናት። በ35ኛው ደቂቃ በደዊ አብደል ፋታህ አገባ። ኢትዮጵያ እስከ 74ኛው ደቂቃ ስትከተል ቆይታ ግርማ ተክሌ አቻ አደረጋት፤ ደስታው ሳያልቅ በ75ኛው በደዊ ደገመ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ ጨመሩ። 4 ለ 2። ይህ በሜዳ ብቻ የሚገኝ ድል አይደለም።

ሁለቱን ወንድማማቾች በተመለከተም የሚነገር ስህተት አለ፤ «ጣልያኖች ናቸው፣ ከውጭ የመጡ» ይባላል። የተወለዱት አስመራ ነው። እናታቸው ኤርትራዊት፣ አባታቸው ጣልያናዊ ናቸው። ኳስን የተማሩት በአስመራ ሜዳዎች ነው። ሉቺያኖ ለዓመታት የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሆኖ አገልግሏል፤ ስሙ የጣልያን ስለሆነ ብቻ ባዕድ ማድረግ ግፍ ነው።

«ያ ዋንጫ ዛሬም የሚታገሉለት ዋንጫ ነው»

አይደለም። ካርቱም ላይ ለግብፅ የተሰጠው የብር ዋንጫ በመጀመሪያው የካፍ ፕሬዚዳንት በግብፃዊው አብደልአዚዝ አብደላ ሳሌም ስም የሚጠራ ነበር። ሉቺያኖ ቫሳሎም አዲስ አበባ ላይ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ያንኑ ነው። ደንቡ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ለዘለቄታው ይወስደዋል የሚል ነበር፤ በ1963 እና በ1965 ያሸነፈችው ጋና በ1978 አክራ ላይ ዩጋንዳን 2 ለ 0 ረትታ ሦስተኛዋን ስታገኝ ዋንጫው የእሷ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛውን ዋንጫ ካሜሩን በ2000 በዚሁ መንገድ ወሰደችው። ከ2002 ጀምሮ የመጣው ወርቃማው ዋንጫ ሦስተኛው ነው።