ሃርድቴይል ለቁልቁለት፦ የኋላ ሾክ የሌለው የተራራ ብስክሌት አሠራርና አገነባብ

ሃርድቴይል የሚባለው የተራራ ብስክሌት ከፊት ሾክ ያለው ሹካ አለው። የኋላ ቸርኬው ግን ያለ ሞላና ያለ ማጠፊያ በቀጥታ ከቴላዮው፣ ማለትም ሌላው ክፍል ሁሉ ከሚታሰርበት የቱቦ አካል ጋር ይያያዛል። ብዙ ሰው ይህን ብስክሌት የሚያውቀው በሁለት መልኩ ነው፤ አንድም ለአገር አቋራጭ ውድድር የተሠራ ቀላል ብስክሌት፣ አለዚያም ለጀማሪ የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ። ሦስተኛው ዓይነት ከሁለቱም የተለየ ነው። ሹካው ከ140 እስከ 160 ሚሊ ሜትር ይጨመቃል፣ መሪውንና ሹካውን የሚያገናኘው የመሪ ቱቦ በጣም ያዘነበለ ነው፣ ጎማው ወፍራም ነው፤ ሥርና ድንጋይ በበዛበት ቁልቁለት ላይ ሁለት ሾክ ያላቸውን ብስክሌቶች እግር በእግር እንዲከተል ታስቦ ይሠራል። አብዛኛውን ጊዜ ተገጣጥሞ አይገዛም። ባለቤቱ ባዶውን ቴላዮ ገዝቶ የቀረውን እየመረጠ፣ ከፊሉንም ከአሮጌ ብስክሌቱ እየነቀለ ይገነባዋል።

ዓይነቱ በተለይ በብሪታንያና በምዕራብ ካናዳ የተስፋፋው በአየሩ ጠባይ የተነሳ ነው። ክረምቱን ሙሉ በጭቃ የሚነዳ የኋላ ሾክ ያለው ብስክሌት የማጠፊያ ኩሽኔታዎቹን በየጊዜው ማስቀየር ይፈልጋል፤ ይህኛው ግን የሚቀየር የኋላ ማጠፊያ የለውም። ዋጋውም ይቀንሳል። ጥሩ መንገድ መምረጥን ያስተምራል የሚል ምክንያትም ይሰማል፤ እውነትነት አለው፣ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን ከግዢው በኋላ ነው።

ከማሪን እስከ ዊስለር

በመጀመሪያ የፊት ሾክም አልነበረም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1976 በካሊፎርኒያ ማሪን ካውንቲ፣ ፌርፋክስ አጠገብ፣ ሪፓክ በሚባለው የጥርጊያ መንገድ የመጀመሪያው የቁልቁለት ውድድር ሲካሄድ ወጣቶቹ የያዙት ያረጁ የሽዊን ብስክሌቶችን ነበር። ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዘው ፍሬን በአንድ ቁልቁለት ብቻ ግራሶው እስኪጨስ ድረስ ይግል ነበር። ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ አነዳድ ብሎ ያሰበውን ቴላዮ ሠራ። በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስታምፕጃምፐርን በብዛት ለገበያ አቀረበ። ሮክሾክስ በ1989 ከተመሠረተ በኋላ ያወጣው የመጀመሪያ ሹካ የሚጨመቀው 48 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ያም ቢሆን በ1990 በኮሎራዶዋ ዱራንጎ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የቁልቁለቱን ውድድር ያሸነፈው ግሬግ ሄርቦልድ በዚያ ሹካ ላይ ነበር።

በ1990ዎቹ ሁለት ሾክ ያላቸው ብስክሌቶች ቁልቁለቱን ወሰዱት፤ ሃርድቴይል በዳገቱ ቀረ። የመሪ ቱቦው ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን 71 ዲግሪ አካባቢ ነበር፤ ጋላቢውን በፊት ጎማው ላይ የሚያንጠለጥል፣ ለአስፋልት ብስክሌት የሚቀርብ ቅርጽ ነው። ለውጡ የመጣው ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ሳይሆን ከትንንሾቹ ነው። በእንግሊዝ ፒክ ዲስትሪክት ኮቲክ በ2003 ሶል የተባለውን የብረት ቴላዮ ይዞ ተነሳ። ኦንዋን 456 የሚባለውን ቴላዮ ባለ 4፣ ባለ 5 ወይም ባለ 6 ኢንች ሹካ እንዲቀበል አድርጎ ሠራው። በካናዳ ዊስለር ደግሞ ክሮማግ በዚያው በ2003 ሥራ ጀመረ፤ እነዚያ ተራሮች ደካማ ቴላዮ የሚምሩ አይደሉም። የኮና ሆንዞ በ2012 ሲወጣ ትልቁን ባለ 29 ኢንች ቸርኬ ከአጭር የኋላ ክፍል ጋር አጣመረ። ከዚያ በፊት ትልቅ ቸርኬ ያለው ብስክሌት እንደልብ አይታጠፍም የሚል እምነት ሰፍኖ ነበር።

ሲጨመቅ የሚለወጠው ማዕዘን

ስለዚህ ብስክሌት አንድ ነገር ብቻ መናገር ቢፈቀድ የምናገረው ይህን ነው፤ ፊቱ ይወርዳል፣ ኋላው አይወርድም። የቴላዮው ቅርጽ፣ የሹካው አሞላል፣ የኋላ ጎማው ምርጫ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

በቁጥር እንየው። የመሪ ቱቦው ማዕዘን 64 ዲግሪ፣ ሹካው ባለ 150 ሚሊ ሜትር፣ ከፊት ዘንግ እስከ ኋላ ዘንግ 1200 ሚሊ ሜትር የሆነ ብስክሌት አለ እንበል። ጋላቢው ቆሞበት ሹካው 20 በመቶ፣ ማለትም 30 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ብስክሌቱ በኋላ ዘንጉ ዙሪያ ወደ ፊት ይዞራል፤ ማዕዘኑም 65.3 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የፔዳል ዘንጉ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ መሬት ይቀርባል። መሪውም ከፔዳል ዘንጉ ወደ ፊት ያለው ርቀት በ14 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይጨምራል። ሹካው እስከ መጨረሻው ቢጨመቅ ማዕዘኑ 70 ዲግሪን ያልፋል፤ ለዚያች ቅጽበት ጋላቢው ያለው በ1990ዎቹ ብስክሌት ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ሾክ ባለው ብስክሌት ግን ፊቱም ኋላውም አብረው ስለሚወርዱ ማዕዘኑ ያን ያህል አይለወጥም።

እንግዲህ የሁለቱን ዓይነት ብስክሌቶች የልኬት ሰንጠረዥ ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር ያሳስታል። በሃርድቴይል ላይ 64 ዲግሪ የተጋነነ ቁጥር አይደለም፤ 63 የሚደርሱም አሉ። ሹካው ጋላቢውን ተሸክሞ በወረደበት ሁኔታ የተለካ ቁጥር አብሮ የሚያትም አምራች ካለ ያኛውን ማመን ይሻላል።

ከዚሁ የሚከተለው ደግሞ ረጅም ሹካ ሁልጊዜ የተሻለ አለመሆኑ ነው። አዲስ ገዢ 160 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሲያይ ይጓጓል፤ ሹካው በረዘመ ቁጥር ግን ብስክሌቱ በፍሬን ጊዜ በአፍንጫው የሚደፋበት መጠን ይጨምራል። ለአብዛኛው ጋላቢ ጠንካራ ባለ 140 ሹካ ከልል ባለ 160 ይበልጣል ባይ ነኝ። ሹካው በጋላቢው ክብደት ከ15 እስከ 20 በመቶ ቢወርድ ይበቃል። አየር ከመጨመር ሌላ በሹካው የአየር ክፍል ውስጥ የፕላስቲክ ቁራጮችን በመክተት ወደ መጨረሻው እየጠነከረ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። ይህ ሥራ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው፤ ከብዙ ውድ ክፍሎች ይልቅ የብስክሌቱን ጠባይ የሚለውጠውም እሱ ነው።

የኋላ ክፍሉ ርዝመት፣ ማለትም ከፔዳል ዘንጉ እስከ ኋላ ዘንጉ ያለው ርቀት፣ ሌላው መከራከሪያ ነው። 415 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን የፊት ጎማውን ማንሳት ይቀላል፣ ብስክሌቱም ይጫወታል። ወደ 435 ሲጠጋ በፈጣን ቁልቁለት ይረጋጋል፤ የኋላ ጎማው ድንጋይ ሲመታም ለእግር የሚደርሰው ምት በመጠኑ ይቀንሳል፤ እግር የሚያርፍበት የፔዳል ዘንግ ከተመታው ጎማ ይርቃልና።

ብረት ወይስ አሉሚኒየም

በዚህ ዓይነት ብስክሌት ላይ ብረት ልዩ ክብር አለው። የበርሚንግሃሙ ሬይኖልድስ ጫፋቸው ወፍራም፣ መሃላቸው ቀጭን የሆኑ ቱቦዎችን በ1897 ፓተንት አስመዝግቧል፤ 853 የሚባለው የኋለኛ ዘመን ቱቦው ደግሞ ከተበየደ በኋላ በአየር ሲቀዘቅዝ በብየዳው ዙሪያ የሚጠነክር ነው። የብረት ቴላዮ ብዙ ጊዜ 2.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አሉሚኒየም ይቀላል፣ ይረክሳልም። ቲታኒየም ላለው ሰው ነው። ብረት ምቱን ይውጣል የሚለው ውዳሴ ግን መጠኑን አልፏል። በሦስት ማዕዘን የተሳሰረ ቴላዮ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሰጠው በሚሊ ሜትር ደረጃ የሚቆጠር ነው፤ ከታች ያለው ጎማ ግን በሴንቲ ሜትር ይሰጣል።

የኋላ ቸርኬውና ሌላው ክፍል

ስለዚህ ገንዘብ መውጣት ያለበት በመጀመሪያ ከኋላ ጎማው ላይ ነው። ሁለት ሾክ ባለው ብስክሌት ላይ ድንጋዩን የሚቀበለው ሾኩ ነው፤ እዚህ የሚቀበለው ጎማው፣ ከዚያ ቸርኬው፣ ከዚያ ጉልበት ነው። የተለመደው አሠራር ከፊት 2.5 ኢንች ስፋት ያለው፣ ላስቲኩ ለስላሳና መሬት የሚይዝ ጎማ፣ ከኋላ ደግሞ ግድግዳው ድርብ የሆነ ከባድ ጎማ ማድረግ ነው። ክብደት ፈርተው ቀጭኑን ከኋላ የሚያስገቡ ሰዎች ቁልቁለቱን በእግር ይጨርሱታል። ከመነዳሪ አይገባበትም፤ በምትኩ ቀዳዳ የሚደፍን የላቴክስ ፈሳሽ ይፈስበታል፣ እሱም ስለሚደርቅ በጥቂት ወራት ይታደሳል። በጎማው ውስጥ የሚገባ የስፖንጅ ቀለበትም አለ። ጥቂት መቶ ግራም ይጨምራል፣ ጎማው እስከ ቸርኬው ሲጨፈለቅ ግን ምቱን ያለዝባል። 80 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ጋላቢ ከፊት 1.5፣ ከኋላ 1.8 ባር ጥሩ መነሻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚወስነው መንገዱ ነው። የኋላ ቸርኬ በ32 ሽቦ የታሰረ የአሉሚኒየም ቢሆን ይመረጣል። አሉሚኒየም ሲመታ ይጎደጉዳል፣ ተመልሶም ሊቃና ይችላል፤ ካርቦን ግን ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ወጪ በመሪው ላይ ባለ ማንሻ ከፍና ዝቅ የሚለው የኮርቻ ዘንግ ነው። ኮርቻው ሲወርድ ጉልበትና ወገብ መታጠፊያ ቦታ ያገኛሉ፤ የሌለው የኋላ ሾክ እነሱ ናቸው። ዘመናዊ ቴላዮዎች የኮርቻ ቱቦአቸው አጭር የሆነው እስከ 200 ሚሊ ሜትር ድረስ የሚወርድ ዘንግ እንዲገባ ነው። ከመግዛት በፊት የቱቦውን ውስጣዊ ስፋት ማወቅ ግድ ነው፤ 30.9 እና 31.6 ሚሊ ሜትር የተለመዱ ሲሆኑ 27.2ም ይገኛል። ዘንጉ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባም ይለካ፤ ቱቦው መታጠፊያ ካለው መንገድ ላይ ያስቆመዋል።

ፍሬንና ማርሽ ብዙ ራስ ምታት የላቸውም። ከፊት ባለ አራት ፒስተን ፍሬን ከ200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዲስክ ጋር፣ ከኋላ 180 ይበቃል። የሽማኖ ፍሬኖች የማዕድን ዘይት ሲወስዱ ብዙ የስራም ፍሬኖች ዶት የሚባለውን ፈሳሽ ይወስዳሉ፤ አንዱን በሌላው መሙላት ጎሚኒዎቹን ያበላሻል። ማርሹ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አሥራ ሁለት ጥርሰ ጎማ ነው። የኋላ ቸርኬው ከፔዳል ዘንጉ ያለው ርቀት ስለማይለዋወጥ የካቴናውን ርዝመት መወሰን ቀላል ነው።

በመገጣጠም ጊዜ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ጥርስ ባለው የፔዳል ዘንግ ቤት ላይ የቀኙ ጎን ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። ይህን ያላወቀ በረጅም መፍቻ እየታገለ ጥርሱን ይፈጃል። የሹካው አንገት ከመቆረጡ በፊት መሪው ላይና ታች ተደርጎ ይሞከር፤ የተቆረጠ አይቀጠልም። የአዲስ ቴላዮ የኋላ ዘንግ ብዙ ጊዜ 148 ሚሊ ሜትር ስፋት ይፈልጋል። ከአሮጌ ብስክሌት የመጣው ባለ 135 ወይም 142 ቸርኬ እንዲሁ አይገባም፤ ያለኝን ዕቃ እጠቀማለሁ ብሎ የጀመረ ሰው በጀት የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ከተገነባ በኋላ የሚለወጠው

በመሪ ቱቦው ውስጥ የሚገባ ጠማማ ኩሽኔታ ቤት ማዕዘኑን በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ያጋድመዋል፤ ያረጀ ቅርጽ ላለው ቴላዮ ከሁሉ ርካሹ እድሳት ይህ ነው። ሹካውን በ10 ሚሊ ሜትር ማስረዘም ደግሞ ማዕዘኑን በግማሽ ዲግሪ ገደማ ይለውጣል፣ የፔዳል ዘንጉንም በትንሹ ያነሳል። አምራቹ ከፈቀደው በላይ ማስረዘም ግን ዋስትናን ይሰርዛል፤ ረጅሙ ሹካ በመሪ ቱቦው ብየዳ ላይ እንደ መፈንቀያ ብረት ያርፋል፣ ስንጥቅም በዚያ ይጀምራል። አንዳንድ ቴላዮዎች የኋላ ዘንጉ የሚታሰርበት ቦታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት ባለቤቱ የኋላውን ርዝመት ራሱ ይወስናል፤ ከፈለገም ማርሹን አውጥቶ ባለ አንድ ጥርሰ ጎማ ያደርገዋል።

ቀለም መቀየር የብረት ቴላዮ ባለቤቶች ደስታ ነው። በምድጃ የሚጋገረው የዱቄት ቀለም ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ ሙቀቱ ለካርቦን አይሆንም። አሮጌውን ቀለም በአሸዋ የሚያራግፈው ሰው ግን የቀጭን ቱቦ ልምድ ያለው መሆን አለበት፤ ለበር የተሠራ እጅ ቱቦውን ይበላዋል። የኩሽኔታ መቀመጫዎችና የብሎን ጥርሶች ከመቀባታቸው በፊት ይሸፈናሉ፤ ከተቀቡም በኋላ ተጠርገው ልካቸው ይስተካከላል። ቱቦው ባዶ በሆነበት በዚያው ጊዜ ውስጡን ዝገት በሚከላከል ዘይት መርጨት ያስፈልጋል፤ የብረት ቴላዮ የሚዝገው ከውስጥ፣ ውሃ በኮርቻ ቱቦው ወርዶ በፔዳል ዘንግ ቤቱ ሲጠራቀም ነው።