ጠያቂው ሲጻፍበት፦ የቲቪ ጋዜጠኞች የሕይወት ታሪክ በዊኪፒዲያ

ቲቪ ላይ የሚታይ ሰው ስሙ ጎግል ላይ ይፈለጋል። ዜና ሲያነብ ያየነው ሰውዬ ስንት ዓመቱ ነው? የማን ባል ነው? ከድሮው ጣቢያ ለምን ለቀቀ? ብዙ ጊዜ ከላይ የሚመጣልን የዊኪፒዲያ ገጽ ነው። ገጹን ማንም ይጽፈዋል፣ ማንም ያርመዋል። ስለዚህ ጭቅጭቁ አያልቅም። ይሄ ወሬ ከየት መጣ? ያኛው ለምን ወጣ? ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው እንዴት በአንድ ስህተቱ ብቻ ይነሳል?

ብዙ ሰው ችግሩ ውሸት ይመስለዋል። ውሸት አለ፣ ግን ቀላሉ እሱ ነው፤ ከተያዘ ይሰረዛል፣ አለቀ። አስቸጋሪው እውነት የሆነ ነገር ከልኩ በላይ ሲለጠጥ ነው። እሱ ላይ ከመድረሴ በፊት ግን የውሸቱን ታሪክ ላውራ፤ ዛሬ ያለው ደንብ የጠበቀው በሱ ምክንያት ነውና። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እዚህ ጽሑፍ ላይ፣ ካልተባለ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ ነው።)

ጆን ሲገንታለር አሜሪካ ናሽቪል ውስጥ የሚታተመው የቴኔሲያን ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረ አንጋፋ ጋዜጠኛ ነው። በከተማው የሕዝብ ቴሌቪዥን ላይም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ስለ መጻሕፍት የሚያወራ ፕሮግራም ያቀርብ ነበር። በግንቦት 2005 ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ዊኪፒዲያ ላይ አጭር ገጽ ጻፈለት። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የሮበርት ኬኔዲ ረዳት ነበር፤ ለአጭር ጊዜም በሁለቱም ኬኔዲዎች፣ በፕሬዝዳንቱ በጆንና በወንድሙ በሮበርት፣ ግድያ በቀጥታ እጁ አለበት ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ምንም ግን አልተረጋገጠም።

አሠራሩን እዩልኝ። የመጀመሪያው እውነት ነው፣ ሰውየው የኬኔዲ ረዳት ነበር። ሁለተኛው ነጭ ውሸት ነው። ሦስተኛው ግን፣ ያ «ምንም አልተረጋገጠም» የሚለው፣ ሚዛናዊ መስሎ ውሸቱን ያጸናዋል፤ አንባቢው «አሃ፣ ተመርምሮ ነበር ማለት ነው» ብሎ ይሄዳል። ገጹ ላይ ከ1971 እስከ 1984 ሶቪየት ኅብረት ኖሯል የሚልም ነበረበት። ይሄ ሁሉ ከአራት ወር በላይ ተቀመጠ። ማንም አልነካውም እንዳልል፣ ከተጻፈ ከሦስት ቀን በኋላ አንድ አራሚ ገብቶ ፊደሉ የተሳሳተ አንድ ቃል አስተካክሎ ወጥቷል። ግድያውን አልፎት!

የሲገንታለር ልጅ ያኔ ኤንቢሲ በሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ዜና አቅራቢ ነበር። ያው ጽሑፍ ሌሎች የመረጃ ድረ ገጾች ላይ ተገልብጦ እንዳለ ለአባቱ ደውሎ የነገረው እሱ ነው። የዊኪፒዲያው ሲነሳ ቅጂዎቹ ቀርተዋል ማለት ነው። አባትየው በኅዳር መጨረሻ ዩኤስኤ ቱዴይ ጋዜጣ ላይ ብሶቱን ጻፈ፣ ዓለም ሰማው። በኋላ ጸሐፊው ሲገኝ ናሽቪል ውስጥ የአንድ ዕቃ አድራሽ ድርጅት ሠራተኛ ሆነ፤ የሥራ ባልደረባዬን ላሾፍበት ብዬ ነው አለ፣ ሥራውንም ለቀቀ። ሲገንታለር አልከሰሰውም። እንዲያውም አለቃውን እባክህ መልሰው ብሎ ለመነለት።

በታኅሣሥ 2005 የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ያልተመዘገበ ሰው አዲስ ገጽ እንዳይፈጥር ከለከለ። በሕይወት ስላሉ ሰዎች ለሚጻፍም የተለየ ደንብ ተረቀቀ። በአጭሩ፣ ሰውን የሚነካ ነገር ምንጭ ከሌለው ወይም ምንጩ ደካማ ከሆነ ውይይት ሳይጠበቅ ወዲያው ይሰረዛል። ሌላ ቦታ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላውን እርማት ሰርዞ ወደ ነበረበት የመለሰ ይታገዳል፤ እንዲህ ያለውን ያለምንጭ የተጻፈ ስም ማጥፋት የሚሰርዝ ግን አይታገድም። በ2010 ደግሞ አንድም ምንጭ የሌለው አዲስ የሕይወት ታሪክ በቀናት ውስጥ ምንጭ ካላገኘ ይነሳ ተባለ።

ደንቡ ጥሩ ነው። ግን የቲቪ ጋዜጠኛ ላይ ሲደርስ ይንገዳገዳል። ለምን መሰላችሁ? ጋዜጠኛ ጠያቂ ነው። በየቀኑ ይታያል፣ ስለሌሎች ያወራል፣ ስለሱ ግን የሚጽፍ የለም። ያለው መረጃ ጣቢያው ራሱ ያወጣው አጭር የሕይወት ታሪክ ነው፤ እሱ ደግሞ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነው። ዊኪፒዲያ እንዲህ ያለውን ምንጭ «የት ተማረ፣ መቼ ተቀጠረ» ለሚለው ይቀበለዋል፣ «ታዋቂና ተወዳጅ» ለሚለው አይቀበለውም። ሰውየው ገጽ ይገባዋል ወይስ አይገባውም በሚለው ክርክርም ላይ አይቆጠርለትም። የሚፈለገው ከሱም ከአሠሪውም ውጪ የሆነ ሰው የጻፈው ነው። ስለ ጋዜጠኛ ደግሞ ከውጪ መጻፍ የሚጀመረው መቼ ነው? ሲሳሳት።

ብራያን ዊሊያምስን ውሰዱ። ከ2004 መጨረሻ ጀምሮ የኤንቢሲን የማታ ዜና ያቀርብ ነበር። በ2015 መጀመሪያ፣ በ2003 ኢራቅ ውስጥ የተሳፈርኩበት ሄሊኮፕተር ተመታ ብሎ ያወራው ታሪክ እውነት እንዳልሆነ ወጣ፤ የተመታው ሌላ ነበር። ይቅርታ ጠየቀ፣ ለስድስት ወር ያለደመወዝ ታገደ፣ በኋላም ወደ እህት ጣቢያው ኤምኤስኤንቢሲ ተዛወረ። ዳን ራዘር ደግሞ የሌላውን የአሜሪካ ጣቢያ የሲቢኤስን የማታ ዜና 24 ዓመት አቅርቧል፤ በመስከረም 2004 ስለ ፕሬዝዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ የውትድርና ዘመን ባቀረበው ዘገባ ላይ የተጠቀመባቸው ሰነዶች እውነተኛነታቸው ሊረጋገጥ ስላልቻለ ነገሩ ተያይዞ ከወንበሩ በመውረዱ አበቃ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለቱም መጻፍ አለበት። ጥያቄው ስንት መስመር ነው።

የሃያ ዓመት ጥሩ ሥራ ጋዜጣ ላይ አይወጣም፣ የሁለት ሳምንት ቅሌት ግን መቶ ዘገባ ይወልዳል። የዊኪፒዲያ አርታኢው «ምንጭ ያለውን ነው የጻፍኩት» ሲል አልዋሸም፤ ሰውየው «እኔ ይሄ ብቻ ነኝ እንዴ?» ሲልም አልተሳሳተም። ዊኪፒዲያ ለዚህ ያልተመጣጠነ ክብደት አትስጥ የሚል ደንብ አለው፣ ክብደቱን የሚለካው ግን ምንጮች በጻፉት መጠን ነው። ዞሮ ዞሮ እዚያው! እኔ እዚህ ላይ ደንቡ ራሱ የችግሩ አካል ነው ባይ ነኝ።

ጽሑፉ ከማን እጅ እንደወጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ብራዚል ውስጥ ሚሪያም ሌይታዎ የምትባል የኢኮኖሚ ጋዜጠኛ አለች፤ ግሎቦ ቴሌቪዥን ላይ ትታወቃለች። በነሐሴ 2014፣ ምርጫ ሊደረግ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ኦ ግሎቦ ጋዜጣ አንድ ነገር ይዞ ወጣ። በግንቦት 2013 የሷና የባልደረባዋ የካርሎስ አልቤርቶ ሳርደንበርግ የዊኪፒዲያ ገጽ ተነክቷል፤ የሷ የኢኮኖሚ ትንበያ የተሳሳተና የማይረባ ነው የሚል ነገር ገብቶበታል። የነካካው የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት የገባበት ቁጥር፣ ሲታይ የፕሬዝዳንቷ ጽሕፈት ቤት ያለበት የፕላናልቶ ቤተ መንግሥት ኔትወርክ ነው። ዊኪፒዲያ ላይ ሳይመዘገብ የሚጽፍ ሰው አድራሻው ለሁሉም ይታይ ነበር፤ ስሜን ደበቅኩ ያለው ሰው ቢሮውን አሳየ። መንግሥት መጀመሪያ ኔትወርኩን ብዙ ሰው ስለሚጠቀምበት ማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም አለ። ፕሬዝዳንት ዲልማ ሩሴፍ ነገሩን አወገዙ፣ ምርመራ ተከፈተ፣ በመስከረም አንድ የመንግሥት ሠራተኛ እኔ ነኝ ብሎ አመነ።

የሌይታዎ ነገር በዚህ አላበቃም። በ1972 በወታደራዊው መንግሥት ዘመን፣ 19 ዓመቷ ሳለ፣ ነፍሰ ጡር ሆና ታስራ ተሠቃይታለች። በ2019 ደግሞ ፕሬዝዳንት ቦልሶናሮ ሥቃይ ደረሰብኝ ያለችው ውሸት ነው አሉ። ግሎቦ በዋናው የምሽት ዜናው ላይ መልስ ሰጠ። አንዴ በግራ ዘመሙ፣ አንዴ በቀኝ ዘመሙ መንግሥት፤ በሁለቱም በኩል ሊጻፍ የተፈለገው ሌላ ሰው ነው።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ስውር ነው። ዊኪፒዲያ ከ2014 ጀምሮ ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው ማን እንደከፈለው ይናገር ይላል። በመጋቢት 2019 ሀፍፖስት የተባለው የዜና ድረ ገጽ ኤንቢሲ ኒውስን ጨምሮ ትላልቅ ድርጅቶች አንድ የሚከፈለው አማካሪ ቀጥረው ገጾች እንዲስተካከሉላቸው ያደርጉ እንደነበር ጻፈ፤ ከገጾቹ አንዱ ያኔ የኤንቢሲ ኒውስ ፕሬዝዳንት የነበረው የኖህ ኦፐንሃይም ነበር። የሚገርመው አማካሪው አልተደበቀም። ተከፍሎኛል ይላል፣ በውይይት ገጹ ላይ ይከራከራል፣ ይጠይቃል፣ እንደገና ይጠይቃል። የዊኪፒዲያው በጎ ፈቃደኛ ማታ ከሥራ ገብቶ የሚጽፍ ሰው ነው፣ ይደክመዋል። ያኛው የሚከፈለው ላለመድከም ነው።

ሌላው ሁሌ የሚያጨቃጭቅ ዕድሜ ነው። በተለይ የሴት አቅራቢዎች ዕድሜ፣ ትዳርና ልጆች። እንዲህ ያለ ወሬ በብዛት የሚገኘው ወሬ በሚያበዙ ጋዜጦች ነው፤ የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ በየካቲት 2017 የብሪታንያውን ዴይሊ ሜይል ጋዜጣ እንደ ምንጭ በአጠቃላይ አልቀበልም ያለው ያለምክንያት አይደለም። የትውልድ ቀንም በሰፊው ካልታተመ ወይም ባለቤቱ ራሱ ካልተናገረ አይጻፍ ይባላል። አንዳንዴ ደግሞ ፍጥነቱ ያስደነግጣል፦ የኤንቢሲው ጋዜጠኛ ቲም ራሰርት በሰኔ 2008 ሲሞት ጣቢያው ለሕዝብ ከመናገሩ በፊት ገጹ ላይ ሞቷል ተብሎ ተጽፎ ነበር። ዜናው እውነት ነው፣ ምንጭ ግን የለውም።

እኛ ጋ ሲመጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አማርኛው ዊኪፒዲያ ትንሽ ነው፤ የሀገራችን ጋዜጠኛ ገጽ ቢኖረውም ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ ላይ ነው። ምንጩ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ያለ ቃለ መጠይቅ ነው፣ እሱም ባለቤቱ ስለራሱ ያወራው ነው። የድሮ ጋዜጣ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ማግኘት ፈተና ነው። ስሙም በላቲን ፊደል አራት ዓይነት ይጻፋል፤ በአንዱ ፈልጎ ያጣ አርታኢ «ምንጭ የለውም» ብሎ ይሰርዛል።

የዘመን አቆጣጠሩንም አትርሱት። 1960 ዓ.ም. ተወለድኩ ያለ ሰው እንግሊዝኛ ገጽ ላይ እንዳለ 1960 ተብሎ ይገባና በአንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። መስከረም ከሆነ 1967፣ ጥር ከሆነ 1968 ነው፤ ወሩ ካልታወቀ ሁለቱም ይሆናል። ከዚያ የስም ነገር አለ። ፈረንጅ አርታኢ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ይይዘዋል። አልማዝ ከበደ የምትባል ዜና አንባቢ ብትኖር ገጹ ላይ ከበደ ጣቢያውን ተቀላቀለች፣ ከበደ ሽልማት ወሰደች፣ ከበደ ሁለት ልጆች ወለደች እየተባለ ይሄዳል። ከገጹ አናት ላይ «ይህ የአባት ስም ነው፣ በራሷ ስም ትጠራ» የሚል ማሳሰቢያ መለጠፍ ይቻላል። እስኪለጠፍ ድረስ የሚወልደው ከበደ ነው።