ግሎብ ምንድን ነው? ኮከቧን ቀድሞ የሚያነባትስ ማን ነው?

«ፋይንድ ፋይሎቼን አያገኝም፤ ተበላሽቷል መሰለኝ» የሚል ስሞታ ፋይንድ በሚባለው የፋይል መፈለጊያ ትእዛዝ ላይ በየጊዜው ይነሳል። ሁሌም የሚከተለው መልስ «የምትፈልገውን የስም ንድፍ ጥቅስ ውስጥ አስገባው» ነው። ምክሩ ልክ ነው፤ ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ግን ነገሩ ይበላሻል። አንዱ «ፋይንድ ሪጀክስ ስለሚፈልግ ነው» ይላል (ሪጀክስ ጽሑፍ የሚመዘንበት ሌላ የንድፍ ቋንቋ ነው)። ሌላው ደግሞ «እኔ ጋ ያለ ጥቅስም ይሠራል» ብሎ ይደመድማል። የመጀመሪያው ፍጹም ስህተት ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ምክንያቱም እውነቱን ነው፣ እሱ ጋ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን በአጋጣሚ ነው። (ትእዛዞቹን እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ የሚጻፉት በላቲን ነው።)

ግሎብ የፋይል ስም የሚመዘንበት አጭር ንድፍ ነው። * ማንኛውንም የፊደል ድርድር፣ ባዶውንም ጨምሮ፣ ይወክላል። ? አንድ ፊደል ብቻ ነው። [ ] በውስጡ ከተዘረዘሩት አንዱን ይቀበላል። ይህን ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው ንድፉን የሚፈታው ማን እንደሆነ ነው። ለምሳሌ፣ ከቆምንበት ፎልደር (.) ጀምሮ ስማቸው (-ኔም) በ.ሎግ የሚያልቁትን ለመፈለግ፦

ፋይንድ . -ኔም *.ሎግ

ይህን የሚጽፍ ሰው ኮከቧ በቀጥታ ፋይንድ ጋ የምትደርስ ይመስለዋል። መስመሩን መጀመሪያ የሚያነበው ግን ሼሉ፣ ማለትም ተርሚናል ላይ የምንጽፈውን ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ነው። ባሽም ሆነ ዳሽ የሚባለው ሼል፣ ጥቅስ የሌላት ኮከብ ሲያገኝ አሁን የቆመበትን ፎልደር ይቃኛል፤ የሚመሳሰሉ ስሞች ካሉ ኮከቧን ያነሳና ስሞቹን በቦታዋ ይደረድራል። ፋይንድ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲያውም በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጀመሪያው ዩኒክስ ይህን ሥራ የሚሠራው ግሎብ የሚባል ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነበር፤ ሼሉ ኮከብ ሲያጋጥመው ይጠራው ነበር። ኋላ ሥራው ሼሉ ውስጥ ተጠቃለለ።

አንድ ትልቅ ሕንፃ አስቡ። በሩ ላይ ዘበኛ አለ፤ ውስጥ ደግሞ የመኪና ማቆሚያውን ወለል ሁሉ ዞሮ የሚፈልግ ሠራተኛ አለ። «ነጭ መኪና ሁሉ ይፈለግ» የሚል ክፍት ወረቀት ለዘበኛው ትሰጡታላችሁ። ዘበኛው ከልክ ያለፈ ትጉህ ነው። ወረቀቱን ያነባል፣ በሩ ፊት የቆሙትን መኪኖች ያያል፣ «ነጭ መኪና ሁሉ» የሚለውን ሰርዞ ያየውን ሰሌዳ ቁጥር ይጽፍበታል። በሩ ላይ አንድ ነጭ መኪና ካለች ለሠራተኛው የሚደርሰው የእሷ ሰሌዳ ብቻ ነው፤ ወለሉን ሁሉ ቢዞርም ሌላ ነጭ መኪና አይቶ ዝም ብሎ ያልፋል። ሁለት ካሉ ሁለት ሰሌዳ ይደርሰዋል፤ እሱ የሚቀበለው አንድ ስለሆነ «ይሄ ሁለተኛው ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ሥራውን ያቆማል። በሩ ላይ ምንም ነጭ መኪና ከሌለ ዘበኛው ወረቀቱን እንዳለ ያሳልፈዋል፤ ፍለጋው ትክክል የሚሆነው ያኔ ብቻ ነው። «እኔ ጋ ይሠራል» ያለው ሰውዬ በሩ ላይ ነጭ መኪና ያልነበረ ቀን የመጣ ነው።

ዘበኛውም እንደ ሼሉ ይለያያል። ዚሽ ቁጡ ነው፤ የሚመሳሰል ስም ካላገኘ «ኖ ማችስ ፋውንድ» ብሎ ትእዛዙን ከነጭራሹ አያስኬድም። ባሽ ላይ ነልግሎብ የሚባለው አማራጭ ከበራ ደግሞ ንድፉ ከመስመሩ ይጠፋል፤ ፋይንድ -ኔም የሚለውን ብቻ ይቀበልና «አርጉመንት ጎድሏል» ይላል (አርጉመንት ለትእዛዙ የሚሰጠው እያንዳንዱ ቃል ነው)። ስለዚህ ያው አንድ መስመር በሁለት ሰው ማሽን ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት ሲሰጥ ሊገርመን አይገባም።

ማመን ለሚቸግረው ሰው ሙከራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ባዶ ፎልደር ክፈቱ፤ ውስጡ ንዑስ የሚባል ፎልደር ፍጠሩ፤ ንዑስ ውስጥ ቢ.ሎግ የሚባል ባዶ ፋይል በተች ትእዛዝ ፍጠሩ። ከላይ ያለውን ትእዛዝ ያለ ጥቅስ አስኪዱት፤ ንዑስ/ቢ.ሎግን ያገኛል። አሁን ላይኛው ፎልደር ውስጥ ኤ.ሎግ ጨምሩና ድገሙት። ኤ.ሎግን ብቻ ያወጣል፤ ቢ.ሎግ የለም፣ ስህተትም የለም፣ የመውጫ ኮዱም 0፣ ማለትም «ተሳክቷል»፣ ነው። አሁን ሲ.ሎግን እዚያው ላይኛው ፎልደር ውስጥ ጨምሩ። ያን ጊዜ «ፓዝስ መስት ፕሪሲድ ኤክስፕሬሽን» የሚለው ዝነኛ ስህተት ይመጣል፤ ፋይንድ ሁለተኛውን ስም ያለቦታው የመጣ የፎልደር አድራሻ መስሎት ነው። አዳዲሶቹ የግኑ ፋይንድ ቅጂዎች «ምናልባት ጥቅስ የሌለው ንድፍ ይሆን?» የሚል ፍንጭ ይጨምራሉ።

ሰው ሁሉ የሚያማርረው ይህን ስህተት ነው። እሱ ግን ደጉ ነው፤ ቢያንስ ይጮሃል። የሚያስፈራው መካከለኛው ነው፤ አንድ ፋይል ብቻ የተመሳሰለበት። የባክአፕ ስክሪፕት እንዲህ ሲሆን ለወራት አንድ ፋይል ብቻ እየገለበጠ «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ሊል ይችላል።

«በእጄ ሳስኬደው ይሠራል፣ በክሮን አይሠራም» የሚለውም (ወይም ተቃራኒው) ብዙ ጊዜ ከዚሁ ይመነጫል። ክሮን ትእዛዞችን በተቀጠረላቸው ሰዓት የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው፤ ሥራውን የሚጀምረው ከተጠቃሚው ሆም ፎልደር ነው። እናንተ ስክሪፕቱን የሞከራችሁት ሎጎቹ ካሉበት ፎልደር ቆማችሁ ነው። ፋይንድ እንዲፈልግበት የተሰጠው አድራሻ አንድ ሆኖ ሳለ ሼሉ ኮከቧን የሚፈታው ግን በቆመበት ፎልደር ነው። አድራሻውን ሙሉ አድርጎ መጻፍ ይህን አያድንም፤ ሰዎች ግን መጀመሪያ የሚሞክሩት እሱን ነው።

ፋይንድ በእርግጥ ምን እንደደረሰው ለማየት ከስክሪፕቱ አናት ላይ ሴት -ኤክስ ጨምሩ። ሼሉ እያንዳንዱን ትእዛዝ ከፈታው በኋላ በመደመር ምልክት ጀምሮ ያሳያችኋል፤ *.ሎግ የነበረበት ቦታ ላይ ኤ.ሎግ ሲ.ሎግ ካያችሁ ወንጀለኛው ተገኝቷል። ትእዛዙ ፊት ኤኮ ማድረግም ይመከራል፤ ኤኮ ግን ሁሉንም በባዶ ቦታ ስለሚያያይዝ አንድ አርጉመንት የቱ ጋ እንደሚያልቅ አያሳይም። ፕሪንትኤፍ በ'<%ኤስ>\ኤን' ንድፍ እያንዳንዱን በየመስመሩ አጥሮ ያወጣዋል።

መፍትሔው ይኸው ነው፦

ፋይንድ . -ኔም '*.ሎግ'

ወደ ዘበኛው እንመለስና፣ ጥቅስ ማለት ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ አሽጎ መስጠት ነው። ዘበኛው የታሸገውን አያነብም። ፖስታውን ግን በሩ ላይ ቀዶ ይጥለዋል፤ ለሠራተኛው የሚደርሰው ወረቀቱ ብቻ ነው። ፋይንድ ጥቅሱን አይቶት አያውቅም። ይህን ያልያዘ ሰው ጥቅሱን ራሱ ቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበት ስም) ውስጥ ይጨምረዋል፦

ፓተርን="'*.ሎግ'"

እዚህ ነጠላ ጥቅሱ የስሙ አካል ሆኗል። ፋይንድ በነጠላ ጥቅስ የሚጀምርና በነጠላ ጥቅስ የሚያልቅ ፋይል ፍለጋ ይዞራል፤ አያገኝም። ትክክለኛው ፓተርን='*.ሎግ' ብሎ መመደብ፣ ሲጠቀሙበት ደግሞ -ኔም "$ፓተርን" ብሎ በድርብ ጥቅስ መጻፍ ነው። ድርብ ጥቅስ ቫሪያብሉን ይፈታል፣ ኮከቧን አይፈታም። ሲጠቀሙበት ጥቅሱ ከቀረ፣ ሲመደብ ምንም ያህል ቢጠነቀቁ ሼሉ ቫሪያብሉን ከፈታ በኋላ ኮከቧንም ይፈታታል።

«ሪጀክስ ነው» ለሚለው ደግሞ፦ አይደለም። ሪጀክስ ውስጥ ኮከብ ብቻዋን ትርጉም የላትም፤ ከፊቷ ያለው ነገር ስንት ጊዜ ቢደገም እንደሚፈቀድ ነው የምትናገረው። ነጥብም እዚያ ማንኛውም ፊደል ናት፤ ግሎብ ውስጥ ግን ነጥብ ነጥብ ናት። ግሎብ ሙሉውን ስም ይመዝናል፤ በሪጀክስ የሚሠራው የጽሑፍ መፈለጊያ ትእዛዝ ግሬፕ ግን ከመስመሩ መካከል ትንሽ ከተመሳሰለለት ይበቃዋል። ሁለቱን ማደባለቅ የሚያመጣውን ለማየት ኤልኤስ | ግሬፕ *.ሎግ ብላችሁ እዚያው የሙከራ ፎልደር ውስጥ አስኪዱ። ሼሉ ኮከቧን ይፈታና ግሬፕ ኤ.ሎግ ሲ.ሎግ ይሆናል፤ ማለትም «ኤ.ሎግ የሚለውን ጽሑፍ ሲ.ሎግ ፋይል ውስጥ ፈልግ»። በፓይፕ (በ | ምልክት) ከኤልኤስ የመጣለትን የፋይል ዝርዝር ዞር ብሎም አያየው።

ከዚህ በኋላ ያለው የፋይንድ የራሱ ጠባይ ነው። -ኔም የሚመዝነው የመጨረሻውን ስም ብቻ ስለሆነ -ኔም 'ንዑስ/*.ሎግ' መቼም አይሳካም፤ ስላሽ ካለበት -ፓዝ ነው። -ፓዝ ላይ ደግሞ ኮከቧ ስላሹንም ትውጣለች፤ የሼሏ ኮከብ ግን አትውጥም። የሼሏ ኮከብ በነጥብ የሚጀምሩትን ድብቅ ፋይሎች ትዘላለች፤ የፋይንዷ አትዘልም። ስለዚህ በመሰረዣው ትእዛዝ በአርኤም * ሳይነኩ የቀሩ ፋይሎች በፋይንድ -ኔም '*' -ዲሊት ይሄዳሉ። -ዲሊት ከተነሳ ደግሞ፣ ፋይንድ መስፈርቶቹን ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚያስኬደው፤ -ዲሊት ከ-ኔም ፊት ከተጻፈ ስሙ ከመመዘኑ በፊት ሁሉም ይሰረዛል። መጀመሪያ በ-ፕሪንት ዝርዝሩን አይቶ ቃሉን መጨረሻ ላይ መተካት የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው። «ከ7 ቀን በላይ» ተብሎ የሚጻፈው -ኤምታይም +7 ሙሉ ቀናትን ብቻ ስለሚቆጥር የሚይዘው 8 ቀን የሞላውን ነው።

የፋይንድን ውጤት አንድ በአንድ ለማስኬድ የሚጻፈው ፎር ኤፍ ኢን $(ፋይንድ ...) የሚለው ዘይቤ ጥቅሱን በትክክል የጻፈውንም ሰው ይጥለዋል። ሼሉ የፋይንድን ውጤት በባዶ ቦታ ይቆራርጠዋል፤ ቀጥሎም በተቆራረጠው ላይ ግሎብ እንደገና ይሠራል። ወርሃዊ ሪፖርት.ሎግ የሚለው አንድ ስም ሁለት ይሆናል። በምትኩ -ኤክሴክ ... {} + ተጠቀሙ፤ አለበለዚያ -ፕሪንት0 ከኤክስአርግስ -0 ጋር። ይህ ጥንድ የግኑ ብቻ ነው የሚለው ክርክርም አልቋል፤ በ2024 የወጣው የፖዚክስ (የዩኒክስ ሥርዓቶች የጋራ) መስፈርት ሁለቱንም ተቀብሏቸዋል።

በአማርኛ ስም ለሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ የተለየ ወጥመድ አለ። ፊደላት ኮምፒውተር ላይ በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ-8 ኮድ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። ተርሚናላችሁ ላይ ? አንድ ፊደል ናት። ክሮን ግን ብዙ ጊዜ የቋንቋ ቅንብሩን ስለማይወርስ በሲ ሎኬል (የአማርኛን ፊደል በማያውቀው መነሻ የቋንቋ ቅንብር) ይሄዳል፤ እዚያ ? አንድ ባይት ብቻ ናት፤ ፊደሉን ለመሸፈን ሦስት ያስፈልጋሉ። ኮምፒውተሩ ሐምሌና ሀምሌ አንድ ወር መሆናቸውንም አያውቅም፤ -አይኔም እንኳ አይረዳም፣ እሱ የሚያስታርቀው የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል ነው። ሁሉንም አጻጻፍ ለመያዝ ንድፉን '[ሀሐኀ]ምሌ*' አድርጉ፤ ክሮንታቡ (የክሮን ሥራዎች የሚዘረዘሩበት ፋይል) አናት ላይ ደግሞ ኤልሲ_ኦል=ሲ.ዩቲኤፍ-8 የሚል መስመር ጨምሩ። ያ መስመር ከሌለ ቅንፉ ሦስት ፊደል መሆኑ ቀርቶ የባይት ክምር ይሆናል፤ በጥቅስ ታሽጎም ቢሆን አንድም ፋይል አያገኝም።