የመስታወትና የብሎኬት ግድግዳ በወሎ የመኖሪያ ፎቆች

በኮንክሪት ምሰሶና ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) የቆመ ፎቅ የውጭ ግድግዳው የሕንፃውን ጭነት ስለማይሸከም፣ ከብሎኬትም ከመስታወትም ሊሠራ ይችላል። መኖሪያን ከታች እስከ ላይ በመስታወት ከሸፈኑት ቀደምት ሥራዎች መካከል አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮኸ የነደፋቸውና በ1951 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ የተጠናቀቁት ሁለት ባለ 26 ፎቅ ሕንፃዎች ይጠቀሳሉ። በወሎ ከተሞች የተለመደው ግን ምድሩ ለሱቅ በመስታወት የተከፈተ፣ ከበላዩ ያሉት መኖሪያዎች በብሎኬት ተዘግተው በሲሚንቶ የተለሰኑ ሕንፃ ነው።

ምርጫውን በመጀመሪያ የሚወስነው የአየር ጠባይ ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር ያለችው ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርዶ የምትገኘው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነች፤ ስለዚህ አንድ ንድፍ ለሁለቱም አይበጅም። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ነጠላ መስታወት በውስጥና በውጭ መካከል ለሚኖር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት በካሬ ሜትር 5.7 ዋት ያህል ሙቀት ያሳልፋል፤ በሁለቱም ፊት የተለሰነ ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት የሚያሳልፈው ከዚህ ግማሽ አይሞላም። ብሎኬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ቀስ በቀስ ይመልሳል፤ የላስታን ባለ ሁለት ደርብ የድንጋይ ቤቶች ለደጋው ብርድ የተስማሙ ያደረጋቸውም ይኸው የወፍራም ግንብ ጠባይ ነው።

መስታወት የት ይዋል የሚለውን የፀሐይ አቅጣጫ ይመልሰዋል። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ በመሆኗ፣ በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትታያለች። ወደ ደቡብ የዞረ ሰፊ መስኮት በብርዱ ወራት ሙቀት ያስገባል፤ ከበላዩ የወጣ በረንዳም በሚያዝያ ከአናት የምትወርደውን ፀሐይ ይከልላል። በምሥራቅና በምዕራብ ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትገባ በረንዳ አይመክታትም፤ ኮምቦልቻ ላይ ምዕራቡን በመስታወት መክፈት ነዋሪውን ማቃጠል ነው።

አንጸባራቂ መስታወት ቀን ከውጭ አያሳይም፣ ማታ መብራት ሲበራ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቡና በሚፈላበትና ዱአ በሚደረግበት ሳሎን መጋረጃው ተዘግቶ የሚውል ከሆነ፣ የተከፈለበት ብርሃንና እይታ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ሁለቱ ከተሞች የሚገኙት በአፋር ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ሲሆን፣ በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው ርዕደ መሬት ማጀቴ የተባለችውን ከተማ አፍርሷል። ብሎኬት ክብደቱ በጨመረ መጠን ሕንፃውን የሚገፋው ኃይል ይጨምራል፤ መስታወትም በፍሬሙ ውስጥ መላወሻ ካልተተወለት ፎቁ ሲወዛወዝ ይሰበራል። ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ሁለቱ በተለመደው መንገድ ሲደራረቡ ነው፤ የላይኞቹ ወለሎች በብሎኬት ግትር ሆነው ምድሩ ባዶ ሲቀር፣ መወዛወዙ በሙሉ በሱቆቹ ምሰሶዎች ላይ ይከማቻል። ስለሆነም ምድሩን በመስታወት መክፈት የፈለገ ባለቤት፣ በደረጃውና በአሳንሰሩ ዙሪያ የሚቆመውን የኮንክሪት ግድግዳ ሳያቋርጥ እስከ መሠረቱ ማውረድና የምድሩን ምሰሶዎች በመሐንዲስ ስሌት ማጠንከር ይኖርበታል።